በዝግ ቀን የተገኘ ማዕድ

በ2011 ዓ.ም የስቅለት ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ጎልማሳ አሮጊት እናቱን ደግፎ ወንዛዬ ደረሰ። እናቱ እግራቸውን ስለሚያማቸው ፍል ውሃ ሊያስገባቸው ነበር ያመጣቸው። ሐሙስ ጠዋት ከቤታቸው ተነስተው መኪናው ተበላሽቶባቸው ሌሊቱን መንገድ ላይ አደሩ፤ የያዙት ስንቅም አለቀ። እኛ ጋ ሲደርሱ ምግብ ቤቱ ዝግ፣ ሱቁ ዝግ፣ ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ስግደት ላይ ነው። ልጅየው ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ነበረው፤ ግን የሚሸጥለት ሰው አላገኘም። እናቱ ደግሞ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ናቸውና ሳይበሉ መዋል አይችሉም።

ጨቅላ ልጅ ይዛ ቤቷ የቀረች አንዲት አባላችን በር ላይ ቆመው አየቻቸው። እሳት አልነደደም፤ ቤት ውስጥ ያለው ከጸሎተ ሐሙስ የተረፈ ጉልባን ብቻ ነበር። እሱን በሳህን አቀረበች። አሮጊቷ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ ዛሬማ በጠራራ ፀሐይ እንዴት እህል አፌ ላይ አደርጋለሁ?» አሉ። «እማማ፣ እርስዎ በሽተኛ ነዎት፤ ለበሽተኛ አይከለከልም። ጉልባኑም ቢሆን የጾም ነው፤ ይቅመሱ» አለቻቸው። በሉ፤ መድኃኒታቸውን ወሰዱ። ልጅየው ገንዘብ ሲያወጣ «ሐሙስ ስቀቅለው ልሸጠው ብዬ አልነበረም» ብላ መለሰችለት።

ይህን ነገር ከፋሲካ በኋላ በተሰበሰብንበት ዕለት አጫወተችን። ሁላችንም «እሰይ» አልን። ከመካከላችን አንዷ ግን «ጉልባኑ ባይተርፍ ኖሮስ?» ብላ ጠየቀች። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳን ይህ ጥያቄ ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ሁሉ ነገር በሚዘጋበት ቀን እንዴት ይበሉና ያበሉ እንደነበር ከየቤታችን የሰማነውን፣ ካነበብነውም ጋር አስተያይተን እነሆ ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን አቅርበናል።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ በአገራችን ድሮ ዝግ የሚባለው ቀን ጥቂት እንዳልነበረ ነው። ገበያ በሳምንት አንድ ቀን ነው። የአንዳንድ ከተሞቻችን ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ በደራ ሐሙሲት አለች፣ በታች ጋይንት አርብ ገበያ አለች። ገበያው ከዋለ በኋላ ያሉት ስድስት ቀናት የሚገዛም የሚሸጥም የሌለባቸው ቀናት ነበሩ። በዚያ ላይ በዓል አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በነበሩበት ዘመን ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና እንድትከበር በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተወሰነ። የእመቤታችን በዓላትም 33 ሆነው እንዲከበሩ የደነገጉት እኚሁ ንጉሥ ናቸው። በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር እያለ ሲቆጠር፣ ገበሬው በሬ የማይጠምድበት ቀን ብዙ ነው።

ወንዱ በሬውን ፈትቶ በዓሉን ሲያከብር፣ ሆድ ግን በዓል አያከብርም። በበዓል ቀን እህል አይፈጭም፤ እንጨት አይፈለጥም። ስለዚህ የበዓሉ እንጀራ በዋዜማው መዘጋጀት ነበረበት። የሞተር ወፍጮ ወደየገጠሩ ከመግባቱ በፊት ይህ ማለት ሴቲቱ በዋዜማው ሌሊት ተነስታ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ ትፈጫለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ትጋግራለች ማለት ነው። አያቶቻችን «ዓርብ ወገብ ሰባሪ ነው» ሲሉ የሰማን አለን። ቅዳሜና እሑድ ያረፈው ቤተሰብ ያረፈው በእሷ ዓርብ ነው። የዝግ ቀን ማዕድ ታሪክ ሲጻፍ ከዚህ መጀመር ያለበት ይመስለናል።

ለዝግ ቀን ተብለው የተሠሩ ምግቦችም አሉን። ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ ውሃና ጨው ካለ እሳት አይፈልግም። በሶው በቅቤ ሲታሽ ጭኮ ነው። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆንና ወራት ይቆያል። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ በእኛ በኩል ደግሞ ብዙ ቀን በውሃ ተዘፍዝፎ መራራነቱ የሚወጣው ግብጦ አለ። እነዚህን ዛሬ እንደ መክሰስ እናያቸዋለን። ለእናቶቻችን ግን የተቀመጠ ቀን ነበሩ፤ መንገደኛ ቢመጣ፣ ዝናብ ማገዶ ቢያረጥብ፣ አራስ ብትኖር የሚደረስባቸው።

እንግዲህ ከዚህ ጓዳ የሚበላው የቤት ሰው ብቻ አልነበረም። ደቡብ ጎንደር የትምህርት አገር ነው። ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት፣ ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም በድጓ የታወቁ ናቸው። ወደነዚህ ጉባኤ ቤቶች ከሩቅ አገር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ደሞዝ የለው፣ ስንቅ የሚልክለት የለው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይዞራል። ውሻ ይነክሰዋል፤ ዝናብ ይመታዋል። ከበሩ ብቅ ብላ ቁራሽ እንጀራ፣ እፍኝ ቆሎ የምትሰጠው ሴት ናት። ያ ተማሪ አድጎ መርጌታ ሲሆን፣ ሊቅ ሲባል፣ የመምህሩ ስም ከስሙ ጋር ይነሳል። ቁራሹን የሰጡት ሴቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም። እኛ ማንበብና መጻፍ የተማርነው በጉልምስናችን የሆንን ብዙ አባላት አለን። ፊደል ባልቆጠሩ እጆች የተቆረሰ እንጀራ የአገሩን ሊቃውንት እንዳሳደገ ስናስብ ይደንቀናል፤ ትንሽም ያስቆጨናል።

ሌላው የዝግ ቀን ማዕድ ሰንበቴ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ተራ የደረሳቸው የሰንበቴ ማኅበርተኞች ዳቦና ጠላ፣ እንጀራና ወጥ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይመጣሉ። ካህናቱ ይበላሉ፣ ማኅበርተኛው ይበላል፣ ችግረኛውና መንገደኛውም ይበላል። ገበያ በሌለበት፣ ወፍጮ በቆመበት በዚያ ቀን፣ የማያውቁት አገር የደረሰ ሰው ደወል ሰምቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ ጾሙን አያድርም። የሰንበቴ ብልሃቱ ተራው ላይ ነው። አንዲት ቤት ብቻዋን በየሳምንቱ ብታበላ ትደኸያለች፤ ሁሉም በተራ ሲያበላ ግን ማንም አይጎዳም። የሚበላው ሰውም «እባካችሁ» ማለት የለበትም፤ ማዕዱ የእገሌ ሳይሆን የሰንበት ነውና አይሸማቀቅም።

የቡሄ ሙልሙልም ከዚሁ ወገን ነው። ደብረ ታቦር ከተማችን ስሟን ከዚህ በዓል ጋር ትጋራለች። ነሐሴ 13 የሚከበረው ይህ በዓል፣ አባቶች ሲተርኩት፣ በታቦር ተራራ ላይ ብርሃን በወጣ ጊዜ እረኞቹ ቀኑ የመሸ ስላልመሰላቸው ከከብቶቻቸው ጋር በሜዳ ቆዩ፤ ቤተሰቦቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘውላቸው ወጡ ይላሉ። ልጆች ጅራፍ እያጮሁ፣ ደጅ ለደጅ እየጨፈሩ ሙልሙል የሚቀበሉት የዚያ መታሰቢያ ነው። ነሐሴ ደግሞ ጎተራ የሚሟጠጥበት ወር ነው። አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰበት። በዚያ ወር ለጎረቤት ልጅ ሁሉ ሙልሙል መጋገር ቀላል አይደለም፤ ሆኖም እናቶቻችን ለቡሄ ብለው የሚያስቀምጡት እፍኝ ዱቄት አይጠፋም ነበር።

የሐዘን ቤትም ዝግ ቤት ነው። ሰው የሞተበት ቤት እሳት አይነድበትም። ጎረቤት እንጀራውን በመሶብ፣ ንፍሮውን በቁና ይዞ ይመጣል። በኋላ በከተሞች የተስፋፋው እድር ይህንኑ ልማድ በመዝገብና በመዋጮ አጠናከረው። የእኛ ማኅበር ሥርዓትም ብዙው ከእድርና ከጽዋ ማኅበር የተወሰደ ነው፤ ሌላ የተማርንበት ቦታ የለንም።

እስከዚህ የጻፍነው መልካሙን ነው። ይህ ሁሉ ግን ነቀፋ የሌለበት እንዳልነበረ እኛው ካልተናገርን ማን ይናገራል? አንደኛ፣ ማዕዳችን ሁሉንም አላስገባም። በጣና ዙሪያ የሚኖሩ ወይጦዎች፣ ብረት የሚቀጠቅጡና ሸክላ የሚሠሩ ወገኖች ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል። የሠሩልንን ምጣድ ጥደን እንጀራ እየጋገርን፣ ሠሪዋን ከበር ውጭ ያቆምንበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ እንግዳ መቀበል ሁልጊዜ በፈቃድ አልነበረም። በነገሥታቱ ዘመን የንጉሥ እንግዳና መልእክተኛ በየደረሰበት ድርጎ ይቀበላል፤ ድርጎውን የሚያወጣው ገበሬው ነው። ወታደር ሲመጣም በየቤቱ ይመደባል። እንጀራውን፣ ጠላውን፣ ዶሮውን የምታቀርበው ያቺው የቤቱ ሴት ናት፤ እምቢ የማለት መብት አልነበራትም። ደብረ ታቦር የጦርና የመንግሥት ከተማ ነበረች። ራስ ጉግሣ ከቆረቆሯት ጀምሮ መሳፍንቱ ተቀምጠውባታል። አፄ ቴዎድሮስም ከተሙባት፤ ጋፋት ላይ መድፋቸውን አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሱ ግን ከተማዋን አቃጥለው ሄዱ። በእንዲህ ያለ ከተማ ዙሪያ የነበረች ባለ ጓዳ ስንት ጊዜ ለልጆቿ ያስቀመጠችውን ለሠራዊት እንዳቀረበች መገመት አያስቸግርም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የጎረቤት ደግነት የሚሠራው ጎረቤት ጋ ሲኖር ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የነበረውን ዘመን አያቶቻችን «ክፉ ቀን» እያሉ ያወሩት ነበር፤ እነሱም ከአያቶቻቸው የሰሙት ነው። በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን እንደሞከሩ ይነገራል። በዚያን ጊዜ ቁራሽ የምትሰጠው ሴት ራሷ ቁራሽ አጣች። ሰንበቴው ተራ የሚያወጣ ሰው አጣ። የተዘጋው አንድ ሱቅ፣ አንድ ገበያ ሳይሆን ጓዳው ሁሉ ነበር። «ጉልባኑ ባይተርፍ ኖሮስ?» ለተባለው ጥያቄ የታሪክ መልስ ይህ ነው፤ ቸርነት ብቻውን አይበቃም፣ አስቀድሞ የተቀመጠ የጋራ ነገር ያስፈልጋል። በኋላም የ1977ቱ ረሃብ ይህንኑ አስተምሮናል። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው ሴፍቲኔት እብናትን፣ ስማዳንና ጋይንትን ከመሳሰሉ ወረዳዎቻችን ጋር የተያያዘው በዚሁ ችግር ምክንያት ነው።

በመሃል አንድ ሌላ ለውጥ መጥቷል። ድሮ ምግብ በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ወገናቸው ከስሜንና ከበጌምድር የሚቆጠረው እቴጌ ጣይቱ ብጡል በአዲስ አበባ ሆቴል ባቆሙ ጊዜ፣ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን ስላልለመዱ አፄ ምኒልክ ራሳቸው አስከትለዋቸው ገብተው ሒሳብ በመክፈል አሳዩአቸው እየተባለ ይተረካል። ዛሬ ከአባሎቻችን አብዛኞቹ የሚኖሩት በዚያ በድሮው «ነውር» ነው። እንጀራ እንሸጣለን፣ ጠላ እንሸጣለን፣ ፍል ውሃ ለሚመጣው ሰው ሽሮ እንሠራለን። ባል የሞተባት ሴት ልጆቿን ያስተማረችበት ሥራ ነውና አናፍርበትም። ነገር ግን ከዚህ ጋር አዲስ ችግር መጣ። ቀኑ ሲዘጋ ገዢው ብቻ አይራብም፤ ሻጯም ትራባለች። የዛሬው ሽያጭ የነገ ጤፍ መግዣ ነውና።

ይህን በዓይናችን ያየነው በቅርብ ነው። ነሐሴ 2008 ዓ.ም በጎንደርና በባሕር ዳር ከቤት ያለመውጣት አድማ ሲደረግ፣ ከዚህ አትክልት ጭነው የሚሄዱ ሴቶች ዕቃቸው በጃቸው ላይ በሰበሰ። መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ባሕር ዳር ተዘጋች፤ ትራንስፖርት ቆመ፤ ፍል ውሃው ሰው አጣ። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። በአገሩ ሁሉ «ማዕድ ማጋራት» የሚባል ጥሪ የተላለፈበት ጊዜ ነበር። እኛም ለመጋራት ተሰበሰብን፤ ግን ከመሃላችን ብዙዎቻችን ባዶ ጓዳ ይዘን ነበር የመጣነው። አንዲት እንጀራ ሻጭ አባላችን «የማጋራው ምጣዴን ነው» አለች። ሳቅን፤ ሳቁ ግን ቶሎ ደረቀ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ደግሞ ጦርነቱ ነፋስ መውጫን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ሲጠጋ፣ ተፈናቃዩ ወደ ከተማው ጎረፈ። በየሰፈሩ ሴቶች በሶ ሲፈጩ፣ ዳቦ ቆሎ ሲቆሉ፣ እንጀራ ሲጋግሩ ሰነበቱ። የአያቶቻችን የዝግ ቀን ምግብ እንደገና አስፈለገ። ከዚያም ወዲህ ቢሆን መንገድ የሚዘጋበት ቀን አልጠፋም።

የጋራ ጎታ ለማቆም የወሰንነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በየወሩ እያንዳንዷ አባል አንድ ጣሳ እህል ወይም ጥራጥሬ ታመጣለች። ቁልፉ እንደ ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የሚቀመጠው በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ባቄላ ነው። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ ጾመኛውም በሽተኛውም ሊበላው የሚችል እንዲሆን ብለን መረጥነው። ከበር የሚመለስ ሰው እንዳይኖር፣ የማን ወገን እንደሆነ እንዳይጠየቅ ደንብ አወጣን።

ስህተታችንንም እንናገር። የመጀመሪያውን ዓመት ባቄላ ሳናደርቅ አስገብተን ነቀዝ በላው። ከተሰበሰበው ብዙውን ለከብት ሰጠን። አንዳንዶቻችን በዚህ ተናደን «ይቅር» አልን። አንዲት እናት ግን «ጎታ በዓመት አይማርም፤ እናንተስ በዓመት ተማራችሁ?» ብለው አሳፈሩን። አሁን እህሉ በደንብ ሳይሰጣ አይገባም፤ በየወሩም ወጥቶ ይታያል።

ከደጋፊዎቻችን አንዳንዶቹ «እህል ይነቅዛል፣ አይጥ ይበላዋል፤ ለምን ገንዘብ በባንክ አታስቀምጡም?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በስብሰባችንም ለሁለት ከፍሎናል። እንጀራ ሻጮቹ ገንዘቡን ይሻሉ፤ ምክንያቱም ቀኑ ተዘግቶ ሲከፈት ጤፍ መግዣ ያጣሉ። ትልልቆቹ እናቶች ደግሞ እህሉን ይሻሉ። ረጅም ከተከራከርን በኋላ ሁለቱንም ይዘን ለመሄድ ተስማማን። ከወርሃዊ መዋጯችን ሥራዋ ለቆመባት አባል ያለ ወለድ የሚበደር ትንሽ ሣጥን ለይተናል። ጎታው ግን አይነካም። ለዚህም የምናቀርበው ምስክር ያ የስቅለት ዕለት የመጣው ጎልማሳ ነው። ገንዘብ ነበረው፤ እናቱን ያተረፈለት ግን ሐሙስ የተቀቀለው ጉልባን ነው።

ስለዚህ ደጋፊዎቻችን ለሚቀጥለው ዓመት ልትረዱን ያሰባችሁት ካለ፣ እህሉን እኛው እናመጣለን፤ አይጥ የማይገባው የብረት ጎተራና እርጥበት የማይዘልቀው ወለል ግን ከአቅማችን በላይ ነው። አባላት ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ ያው አንድ ጣሳ ነው። ያመለጣችሁ ወር ካለ በሚቀጥለው ደርባችሁ አምጡ።

ያቺ አባላችን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ስትቀቅል ከቤተሰቧ ድርሻ በላይ አንድ ጣሳ ትጨምራለች። ማን እንደሚበላው አታውቅም። አርብ ማታ ከስግደት ስትመለስ ማንም ካልመጣ ለልጆቿ ታከፋፍለዋለች፤ ካልመጣ እሰየው ነው፣ ማንም በመንገድ አልቀረም ማለት ነው።